ቀን ማን ይይዘዋል?

(በምሩቃን ማኅበራችን የመገናኛ ቀን የቀረበ ንግግር)



ኮሌጅ እያለ ገብተን ዩኒቨርሲቲ ሆኖ የወጣንበት ግቢ ነው። በ1999 ዓ.ም. ተመርቄ ስወጣ፣ ተመልሼ በዚህ መድረክ የምቆመው አንድ ትልቅ ጥናት ይዤ ነው ብዬ ነበር የማስበው። የማኅበሩ ጸሐፊ ደውለው «ዶክተር፣ ስለ ሙያና ቤተሰብ አሥራ አምስት ደቂቃ ተናገሪ» ሲሉኝ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ትንሽ ቅር አለኝ። ወንዶቹን ስለ ልብ ቀዶ ሕክምና ጠይቀው ለእኔ ስለ ልጅ ማሳደግ? አልኩ በሆዴ። በኋላ ግን ሳስበው፣ ካለፉት ሰባት ዓመታት እንቅልፍ የነሳኝ ነገር ምንድን ነው ብባል መልሱ ያው እሱ ነው። ስለዚህ እሺ አልኩ። ይህን ወረቀት ሁለት ጊዜ ነው የጻፍኩት፤ የመጀመሪያው ላይ ሽሮ ተደፍቶበታል።

የማታውቁኝ ወጣት መምህራን ስላላችሁ፣ የሕፃናት ሐኪም ነኝ። አዲስ አበባ በአንድ የመንግሥት ሆስፒታል እሠራለሁ። ሁለት ልጆች አሉኝ፤ ወንዱ በኅዳር 2011 ተወለደ፣ ሴቷ በመስከረም 2013። ቁጥሩን ስታሰሉት የመጀመሪያውን በሠላሳ ስድስት ዓመቴ ነው የወለድኩት። በዕለቱ ቀድሞ የሚያዋልደኝ ባልደረባዬ «ይኸው አሁን ሙሉ ሐኪም ሆንሽ» ሲለኝ ተቀይሜዋለሁ። ያን ጊዜ ከአሥር ዓመት በላይ የሰው ልጅ ሳክም ኖሬ አይደል እንዴ?

የቤታችንን ጠዋት ልንገራችሁ። የልጁ ትምህርት ቤት ሰርቪስ አንድ ሰዓት ላይ ደጃፍ ይቆማል። አሥራ አንድ ተኩል ላይ እንነሣለን። ውኃ የሚመጣው በሳምንት ሁለት ሌሊት ስለሆነ፣ ጠዋቱ ከጀሪካን በጣሳ እየተቀዳ ፊት በማጠብ ይጀምራል። ከዚያ የካልሲ ፍለጋ ነው። ካልሲ ሁልጊዜ አንዱ እግር ነው የሚጠፋው። እንቁላል ፍርፍር የጠየቀው ልጅ፣ ፍርፍሩ ሲቀርብለት ያልተፈረፈረ እንቁላል ነበር የፈለገው። ሴቷ ጫማዋን ራሷ ታደርጋለች፤ የግራውን በቀኝ። «እማዬ እኔ ራሴ!» ስለምትል ማስተካከል አይቻልም፤ ሰርቪሱ ጡሩንባውን እየነፋ ቆመን እንጠብቃለን። በጠዋት ሠላሳ ሕፃን አይቼ እንደዚያች ጫማ የደከመኝ ቀን የለም። ባለቤቴ የግንባታ መሐንዲስ ነው፤ ከወሩ ግማሹን ፊልድ ነው የሚያሳልፈው። ሲኖር ምሳ ዕቃ የሚያዘጋጀው እሱ ነው፤ ከእኔ የተሻለ ያዘጋጃል፤ ይህን መዝገብ ላይ ይስፈርልኝ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ።

ሕጉን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። በ2010 በወጣው የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ መሠረት የወሊድ ፈቃድ መቶ ሃያ ቀን ነበር፤ ሠላሳው ከወሊድ በፊት፣ ዘጠናው ከወሊድ በኋላ። ከዚያ በፊት ከወሊድ በኋላ ያለው ስድሳ ቀን ብቻ ስለነበር፣ እኔ ከታላላቆቼ ይልቅ ዕድለኛ ነኝ። ባለቤቴ የግል ድርጅት ስለሚሠራ ያገኘው ሦስት ቀን ነው። እንግዲህ ሕፃን ስድስት ወር ሙሉ ከጡት ወተት በቀር ምንም፣ ውኃም ቢሆን፣ አይሰጠው ብለን እናስተምራለን። ስድስት ወር መቶ ሰማንያ ቀን ነው። ዘጠና ከመቶ ሰማንያ ሲቀነስ ስንት ይቀራል? ይህን ሒሳብ ለመሥራት ሕክምና መማር አያስፈልግም፤ እኔ ግን ራሴ ላይ እስኪደርስ ድረስ ሠርቼው አላውቅም ነበር።

ከመውለዴ ስድስት ዓመት ገደማ በፊት አንዲት እናት የአራት ወር ልጅ ይዛ መጣች። ተቅማጥ ነበረው። ምን ትሰጪዋለሽ ብዬ ስጠይቃት ጡትና የአብሽ ውኃ አለችኝ። ተማሪዎች ከኋላዬ ቆመው ነበር። እኔም ለተማሪዎቹም ትምህርት ይሁን ብዬ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ አብሽ ለአራት ወር ሕፃን አንጀት ምን እንደሚያደርግ፣ ውኃው ከየት እንደተቀዳ እንደማይታወቅ፣ ይህ ሁሉ የእናት ቸልተኝነት መሆኑን ነገርኳት። አዎ፣ ቸልተኝነት ነው ያልኩት። እሷ አንገቷን ደፍታ «እሺ ዶክተር» አለች። ካርዷ ላይ ሥራ የሚለው ቦታ «የቀን ሠራተኛ» ይላል። አይቼዋለሁ፤ አላነበብኩትም።

በየካቲት 2011 ሥራ ተመለስኩ። ልጄ ሦስት ወሩ ነበር። ያው አዋጅ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች እናቶች የሚያጠቡበትና ልጆቻቸውን የሚያቆዩበት ቦታ እንዲያዘጋጁ ያዝ ነበር። እኛም ጋ ክፍሉ ነበረ። በሩ ላይ ተለጥፎበታል። ውስጡ የተሰበሩ አልጋዎችና የመድኃኒት መስቀያ ብረቶች እስከ ጣሪያ ተቆልለውበታል። ስለዚህ የነርሶች ልብስ መቀየሪያ ውስጥ፣ በሩን በጀርባዬ ገፍቼ እየያዝኩ፣ በእጄ እያለብኩ በጠርሙስ አጠራቅም ነበር። የታለበ ወተት ከማቀዝቀዣ ውጭ አራት ሰዓት ያህል ነው የሚቆየው። አጠገቤ ያለው ጥሩ ማቀዝቀዣ የክትባት ነው፤ እሱ ውስጥ ከክትባት በቀር ምንም እንደማይገባ ለነርሶቹ ሳስተምር የኖርኩት ራሴ ነኝ። አንድ ቀን በሩን ከፍቼ ጠርሙሱን ይዤ ቆሜ ነበር። ዘጋሁት። ሰው አይቶኝ እንደሆነ አላውቅም።

ተረኛ የሆንኩ ለት ወተቱ ይበላሻል። መብራት የሄደ ለት ቤት ያለውም ይበላሻል። ሳይታለብ በዋለ ቁጥር ደግሞ ወተቱ ይቀንሳል፤ ይህንንም ሳስተምረው የኖርኩት ነው። አራት ወር ተኩል ላይ ልጁ የጣሳ ወተት ጀመረ። የሞተ የለም፤ ልጁም ደህና ነው፤ አሁን ቤቱን ያፈርሳል። ግን የዘጠኝ ወር ክትባቱን ላስከትብ ጤና ጣቢያ ስወስደው፣ አንዲት ልጅ እግር ነርስ ካርዱን እየሞላች «ስድስት ወር ሙሉ ጡት ብቻ ነው የጠባው እናት?» ብላ ጠየቀችኝ።

«አዎ» አልኳት።

እኔ ነኝ። የሕፃናት ሐኪሟ። ለምን እንደዋሸሁ ለራሴም ለማስረዳት ጊዜ ፈጅቶብኛል። ነርሷ ክፉ አልነበረችም፤ አታውቀኝም። ግን «አይ» ብል ምን እንደምትለኝ አውቀው ነበር፤ ያንን ንግግር እኔ ነኝ የምናገረው። የዚያችን ሴት «እሺ ዶክተር» የሰማሁት ያን ጊዜ ነው፤ ከሰባት ዓመት በኋላ።

እስካሁን የተናገርኩት ግን ቀላሉ ነው።

ሥራ ስመለስ ሞግዚት ያስፈልገን ነበር። በደላላ አንዲት ልጅ መጣች፣ ከጎጃም፣ ሃያ ሁለት ሃያ ሦስት ዓመት ቢሆናት ነው። ልጆቼ አፍ ሲፈቱ «እታባ» ስላሏት እኔም እዚህ እንደዚያው ልጥራት። ስሟን እንዳልጠራ እሷው ነግራኛለች፤ ይህን ንግግር እንደማደርግም ታውቃለች። ደላላው «ልጅ የላት፣ ባል የላት፣ ጣጣ የላትም» ብሎ ነው ያመጣልን። እኛም ደስ አለን። ልጁን ከመጀመሪያው ቀን ወደደችው። በአንደኛው ሳምንት ግን «እትዬ፣ ደረቴን ያመኛል፣ ያተኩሰኛልም» አለችኝ። ተረኛ ሆኜ አድሬ እየተኛሁ ነበር። ከመሳቢያው ፓራሲታሞል አውጥቼ ሰጠኋትና፣ ሕፃኑን ስለያዘች ሳል አላት ወይ ብቻ ብዬ ጠየቅኩ። የለኝም አለች። ተኛሁ። ነጠላዋን ደረቷ ላይ ጠበቅ አድርጋ አስራ ነበር፤ እሱንም አይቻለሁ።

ሦስት ዓመት አለፈ። ሁለተኛዋ ተወለደች፤ በመካከል ኮሮና መጣ፤ እሱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፣ አላወራውም። በ2014 መጀመሪያ አንድ ሌሊት፣ ባለቤቴ ፊልድ ነው፣ ትንሿ በትኩሳት ነደደች። ሠላሳ ዘጠኝ ተኩል። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ነው። ፓራሲታሞል በኪሎ ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ሚሊ ግራም ነው፤ ከእንቅልፌ ብትቀሰቅሱኝ አልስተውም። የልጄ ኪሎ ግን ጠፋኝ። ስንት ነበር? ዘጠኝ? አሥራ አንድ? እጄ እየተንቀጠቀጠ ለክፍል ጓደኛዬ ደወልኩ። እዚሁ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጧል፤ እየሳቀ ነው። የማጅራት ገትር፣ የሳንባ ምች፣ የወባ፣ ከመጽሐፉ ያለውን በሽታ ሁሉ ደረደርኩለት። ሰማኝ፣ ሰማኝና «ሕፃኗን አሁን የያዛት ማን ነው?» አለኝ።

«ሞግዚቷ።»

«ስልኩን ለእሷ ስጫት።»

ሰጠኋት። እሱ ይጠይቃል፣ እሷ ትመልሳለች፤ ቆሜ እሰማለሁ። ከሰዓት በኋላ ሁለት ጊዜ ሸንታለች። እራት ላይ አጥሚቷን ግማሽ ትታለች። አላስታወከችም። ውኃ በማንኪያ ስትሰጣት ትወስዳለች። አንገቷን ታጥፋለች፣ አሁንም ታዞራለች፣ ስጠራት ታየኛለች። ጆሮዋን ከትናንት ጀምሮ ትነካካ ነበር። ቅዳሜ ሚዛን ላይ አውጥተናት አሥር ኪሎ ናት። ጓደኛዬ ስልኩን መልሼ ስቀበለው «ጆሮ ነው፣ ጠዋት እዪው፤ አምስት ሚሊ ሊትር ስጫትና ተኚ» ብሎ ዘጋው። ጆሮ ነበር።

መድኃኒቱን ሰጥተን፣ ድርብርብ ልብሷን አውልቀን፣ አልጋው ጫፍ ላይ ሁለታችንም ቁጭ ብለን ስንጠብቅ እታባ እንደዋዛ «የኔዋም ጥርስ ስታበቅል እንዲሁ ነበረች» አለች። (ጥርስ ማብቀል እንዲህ ዓይነት ትኩሳት አያመጣም። ይህን ለማረም አፌን ስከፍት ነው ቃሉ የገባኝ።)

«የኔዋ?»

ዝም አለች። ከዚያ ማልቀስ ሳይሆን፣ ሰው የተሸከመውን ሲያወርድ እንደሚተነፍሰው ተነፈሰች። እኛ ቤት ስትመጣ ልጇ ሰባት ወሯ ነበር። ከእናቷ ጋር ገጠር ትታት ነው የመጣችው። ደላላው ልጅ አለኝ ካልሽ ማንም አይቀጥርሽም ብሏት ነበር፤ እውነቱን ነው፣ እኛም ባልቀጠርናት ነበር።

ሰባት ወር። እናንተ ሐኪሞች ናችሁ፣ አስሉት። በአንደኛው ሳምንት ደረቴን ያመኛል ያለችኝ፣ ያተኩሰኛል ያለችኝ፣ ነጠላ አጥብቃ ያሰረችው። እኔ በዚያው ሳምንት፣ በዚያው ቤት፣ ከመኝታ ቤቴ ደጃፍ ሦስት እርምጃ ርቀት ላይ፣ ወተቴ እንዳይደርቅ ስታገል፣ እሷ የራሷን ለማድረቅ እየታገለች ነበር። እያለብኩ ያስቀመጥኩትን ለልጄ በኩባያ የምታጠጣው እሷ ናት። ሌላ ሴት እንዲህ ብላ ክሊኒኬ ብትመጣ ሁለት ጥያቄ ነው የሚበቃኝ። ቤቴ ላለችው ፓራሲታሞል ሰጥቼ ተኛሁ።

ያን ሌሊት ምን እንዳልኳት ትጠይቁኝ ይሆናል። ቢያሳፍርም፣ ከአፌ የወጣው የመጀመሪያ ነገር «ክትባቷን ጨርሳለች?» ነው። እሷም «ጨርሳለች እትዬ፣ እናቴ ካርዱን በላስቲክ ጠቅልላ ነው የያዘችው» አለች።

ልጅቷን ለማምጣት ከዓመት በላይ ወሰደብን። ወዲያው አመጣናት ብል ያማረ ታሪክ ይሆን ነበር፤ አልሆነም። ቤታችን ሁለት መኝታ ነው። ከባለቤቴ ጋር ተጨቃጭቀናል፤ እኔ ያልኩትን እሱ ሲቃወም፣ እሱ ሲስማማ እኔ ወደ ኋላ ስል። «የእሷ ልጅ ከመጣች ለእኛዎቹ ያላት ጊዜ ይቀንሳል» የሚል ሐሳብ በአእምሮዬ አልፏል፤ ያለፈውም አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም። በጥር 2015 አያቷ ይዘዋት መጡ፤ አራት ዓመት ተኩል ሆኗት። አያቷን «እማ» ነው የምትለው። እናቷን ለብዙ ሳምንት ምንም ብላ አልጠራቻትም፤ ከበሩ ኋላ ቆማ፣ የእኔ ልጆች እናቷ ላይ ሲንጠለጠሉ ታያለች። በኋላ አፏን ስትፈታ እሷም እንደ እነሱ «እታባ» አለቻት። እታባ ምንም አላለችም፤ ወደ ጓሮ ወጥታ ልብስ ማጠብ ጀመረች፤ የታጠበውን።

አያቷ ላስቲኩን ፈትተው ካርዱን ሲያሳዩኝ፣ ከውልደት ጀምሮ እስከ አሥራ አምስት ወሩ ሁለተኛ የኩፍኝ ክትባት ድረስ አንድም ባዶ ቦታ የለበትም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቀኑ ሲደርስ ደጃፋቸው እየመጣች ትጠራቸው ነበር። ማታ የወንዱን ልጄን ካርድ አውጥቼ አየሁት። የአሥራ አምስት ወሩ ባዶ ነው። እኔ ራሴ ከሥራ ቦታ እወስደዋለሁ እያልኩ ሳራዝም ኮሮና መጥቶ፣ ከዚያ ተረስቶ። የአራት ዓመት ልጅ ይዤ በማግሥቱ ጤና ጣቢያ ተሰለፍኩ። በዚህ ጊዜ ነርሷ ለምን ዘገየ ስትለኝ እውነቱን ተናገርኩ። «እሺ፣ አሁን መምጣትሽ ጥሩ ነው» አለችኝ፤ አላበዛችውም።

የልጅቷ ነገር ሁሉ ተስተካክሏል እንዳልል፣ ዛሬም ልጆቼ የሚማሩበት ትምህርት ቤት አይደለም የምትማረው። የወረዳው የመንግሥት ትምህርት ቤት አጸደ ሕፃናት ነች። ክፍያው ለሦስት አይዳረስም። ጠዋት ሰርቪሱ ሁለቱን ይዞ ሲሄድ እሷ ከእናቷ ጋር በእግር ትሄዳለች። ልጄ አንድ ቀን «እሷ ለምንድነው ሰርቪስ የሌላት?» ብሎኝ፣ የምመልሰው አጥቼ «ጫማህን እሰር» አልኩት።

ለመምህሮቼ አንድ ነገር ልንገርና ልጨርስ። ይህ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1954 ሲቋቋም የጤና መኮንን፣ የኅብረተሰብ ነርስና የንጽሕና ባለሙያ አንድ ላይ ወጥተው ሰው የሚኖርበት ቦታ እንዲሠሩ ታስቦ ነው። እኛም ተራችን ደርሶ ቆላ ድባ ወርደናል። አንድ ፓኬት ሕይወት አድን ንጥረ ነገር በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ፣ ከሃያ አራት ሰዓት በኋላ ይደፋ፣ እያልን ለእናቶች እናስተምራለን። አንድ ቀን አንዲት እናት በትዕግሥት ሰምታ ስታበቃ ስምንት ዓመት የሚሆናትን ልጅ ከኋላዋ ጎትታ «ለዚች ንገሯት፣ እኔ ገበያ እውላለሁ» አለችን። ሳቅን። ልጅቷ ግን አልሳቀችም፤ «ሊትር በምን ይለካል?» ብላ ጠየቀች። ከመካከላችን አንዱ ባዶ የሃይላንድ ፕላስቲክ አምጥቶ አሳያት። በዚያ ሁሉ ቀን ትክክለኛውን ጥያቄ የጠየቀች እሷ ነበረች፤ ከመመረቂያዬም ከዓመታት በኋላ ነው የገባኝ።

አሁን ክሊኒኬ ውስጥ ምን ትሰጪዋለሽ ከማለቴ በፊት «ቀን ማን ይይዘዋል?» እላለሁ። አያቱ። ጎረቤት። እህቱ፤ ስንት ዓመቷ ነው? ዘጠኝ። ከሥራ ቦታ ጥግ ካርቶን ላይ ተኝቶ ይውላል። መልሱ ያዘዝኩትን መድኃኒት ባይቀይረውም ለማን እንደማስረዳው ይቀይረዋል። ሲቻል ያቺው የምትይዘው እንድትመጣ እጠይቃለሁ። ደውዬም የማስረዳበት ቀን አለ። ሰልፉ ይረዝማል፤ ባልደረቦቼ ያጉረመርማሉ፤ ልክ ናቸው። ተማሪዎቻችሁ የሕመም ታሪክ የሚጽፉበት ቅጽ ላይ ስለ አመጋገብ፣ ስለ ክትባት፣ ስለ ዕድገት ቦታ አለ። ለዚህች ጥያቄ አንድ መስመር ይገኝ ይሆን? የምለምነው ይህንኑ ነው።

ያቺን የአብሽ ውኃ እናት ድጋሚ አላገኘኋትም። ልጇ ከተቅማጡ ድኖ መውጣቱን መዝገቡ ላይ አይቻለሁ።

ሰብሳቢው ሰዓታቸውን እያዩ ነው። ትናንት ማታ ሆቴል ሆኜ ቤት ስደውል የእኔዎቹ ተኝተው ነበር። ስልኩን ያነሣችው የእታባ ልጅ ናት። በመስከረም እሷም የእኔም ወንድ ልጅ አንደኛ ክፍል ይገባሉ። «እትዬ፣ ትንሿን አልተኛም ስትል እኔ ነኝ ያስተኛኋት» አለችኝ። እናትሽስ አልኳት። «እማዬ ልብስ እየተኮሰች ነው፤ ልጥራት?»